ቤት የደረሳቸው ድንጋዮች

ከሰባት ወንዝ ማዶ፣ ስምንተኛው ሳይደርስ፣ አንዲት ከተማ ነበረች። ስሟን አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ሄዳችሁ ልታዩዋት ነው፤ ሄዳችሁ ደግሞ ማደሪያ ታጡና እኔን ትረግማላችሁ። የከተማይቱ ችግር እሱ ነበርና። ገበያ አላት፣ ወፍጮ አላት፣ ሁለት ድልድይና አንድ ተኩል መንገድ አላት፤ ቤት ግን የላትም። ማለቴ ቤትስ አለ፤ የሌላ ሰው ነው።

ከተማይቱን የሚያስተዳድረው ሸንጎ ነበር። ክፉ ነበር እንዳልል ደግ ነበር። ለማንም ሰው «አይሆንም» ብሎ አያውቅም። ቤት የለኝም ብሎ ለመጣ ሁሉ መልሱ «ተሰለፍ» ነው። ሰዉም ተሰለፈ። ሰልፉ ከሸንጎው በር ተነስቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ፣ የታችኛውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ይህ የማወራላችሁ ነገር በሆነ ጊዜ ሰልፉ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር።

መጀመሪያ ላይ የተሰለፈው ሰው ነበር። ሰው ግን ይርበዋል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤ ሥራ አለው፤ ልጅ ይታመምበታል። ስለዚህ አንዱ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ በቦታው ያስቀምጥና ከኋላው ላለው «መጣሁ፣ ድንጋዬን አደራ» ብሎት ይሄዳል። ለአፍታ ብሎ የሄደው በማግስቱ መጣ፤ ለአንድ ቀን ብሎ የሄደው በወሩ መጣ። በሦስተኛው ዓመት ሰልፉ ላይ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ ነው። ይህ የሚገርማችሁ ከሆነ፣ እናንተ ቦኖ ላይ ጀሪካን አሰልፋችሁ ተመልሳችሁ ተኝታችሁ አታውቁም ማለት ነው።

ሸንጎው ነገሩን ወደደው። ድንጋይ አይገፋፋም፣ አያጉረመርምም። ወዲያው አዋጅ ወጣለት። የሰልፈኛ ድንጋይ ከአስቀማጩ ጭንቅላት መብለጥ የለበትም። ሁለት ማስቀመጥ ክልክል ነው፤ ሁለት ጭንቅላት ያለው ሰው የለምና። በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፣ ቁጥሩም ይታደሳል። ውሎ አድሮ ልጅ ሲዳር እንኳ የሚጠየቀው ዘሩ ወይም ሙያው መሆኑ ቀረና «ድንጋዩ ስንተኛ ነው?» ሆነ። ድንጋዩ ከመቶ በታች የሆነ ጎረምሳ መልኩ ምንም ቢሆን ሚስት አያጣም ነበር።

ድንጋዮቹን በየማለዳው እየዞረ የሚቆጥር ሹም ነበር፤ አቶ ዘርጋው ይባላል። ቀጥተኛ ሰው ነው። በዓይኑ ያየውን እንጂ በወሬ የሰማውን መዝገቡ ላይ አያሰፍርም። በሹመት ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስቶ ኤሊ ድንጋይ መስላው ቆጥሯት ነበር። ኤሊዋ ተነስታ ስትሄድ ራሱን ለሸንጎው ከስሶ ሁለት ሳምንት ታሰረ።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ትርንጎ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ድንጋይዋ አርባ አንደኛ ነው። ባገባች በሳምንቱ ከወንዝ ዳር መርጣ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ራሷ ተሸክማ ነው ያስቀመጠችው። ባሏ ይበልጣል ግንበኛ ነው። በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ያ ቀን እንደ በዓል ይቆጠራል። ሁለቱ እትዬ ማናህሎሽ ከሚባሉ ሴትዮ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የእትዬ ማናህሎሽ ደንብ ከሸንጎው ደንብ አይተናነስም። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው። እንግዳ ከመጣ ቆሞ ተጫውቶ ይሄዳል። ማስነጠስ እስከ ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ከሁሉም በላይ ግን የሕፃን ድምፅ እዚያ ግቢ ውስጥ መሰማት የለበትም።

ባልና ሚስቱ በዚህ ምክንያት «ቤታችን ሲደርሰን እንወልዳለን» ተባባሉ። ዓመት ጠበቁ። አምስት ዓመት ጠበቁ። የትርንጎ እኩዮች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ፣ አንዳንዶቹም ዳሩ፤ እሷ የሌላ ሰው ልጅ የክርስትና ልብስ እየሰፋች ቆየች። በአሥራ ሰባተኛው ዓመት ላይ ግን ፈጣሪ ሸንጎውን መጠበቅ ሰለቸው መሰለኝ፣ ትርንጎ አረገዘች።

እትዬ ማናህሎሽ በአምስተኛው ወር ላይ ነቁ።

«ይሄ ሆድ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው እትዬ።»

«ምግብ ይራገጣል?»

ትርንጎ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበች።

«እኔ ጨካኝ አይደለሁም» አሉ እትዬ ማናህሎሽ። «እስክትወልጂ ቆዪ። ከወለድሽ በኋላ ግን ሌላ ቤት ፈልጊ። ሕፃኑን ትተሽው ልትመጪ ከሆነ ደግሞ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው።»

ትርንጎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቷን እየቆጠረች መኖር ጀመረች። አራት ወር፣ ሦስት ወር፣ ሁለት ወር። ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ጡሩምባ ተነፋ። ሸንጎው ለሰልፈኛ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚያሠራቸው መቶ ቤቶች አልቀው ነበር። ቤቶቹን ከሠሩት ግንበኞች አንዱ ይበልጣል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ጠርቧል፣ ጭቃ ለስኗል። አርባ አንደኛውን ቤት ሲሠራ ማንም ሳያየው መስኮቱን አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ ገንብቶት ነበር፤ ልጅ ቆሞ ውጭውን እንዲያይበት። ለትርንጎ እንኳ አልነገራትም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ሲወድ በግድግዳ ነው የሚናገረው።

የሸንጎው ስብሰባ የሚካሄደው ሰገነት ላይ ነው። ሕዝቡ ከመስኮቱ ሥር ግቢው ውስጥ ይቆማል። መናገር የፈለገ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ማመልከት አለበት፤ የዛሬ ዓመት ምን እንደሚወሰን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሊቀ ሸንጎው፣ ድንበሩ የሚባሉ ወፍራም ሰውዬ፣ በመስኮት ብቅ ብለው ሦስት ጊዜ «ተቃዋሚ አለ?» ይላሉ። ግቢው ዝም ይላል። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ይጽፋል። ወፍጮ ቤቱ የተዘጋው እንዲህ ነው። ግማሹ መንገድ ግማሽ ሆኖ የቀረውም እንዲህ ነው።

በዚያን ቀን ሊቀ ሸንጎው ሕጉን አስነበቡ። ቤት የሚሰጠው ሰልፉ ላይ አንድም ቀን ሳይጓደል ለቆየ ነው ይላል። ከዚያ አቶ ዘርጋውን አስጠሩት።

«አቶ ዘርጋው፣ ሳይጓደሉ የቆዩት የፊተኞቹ መቶ እነማን ናቸው?»

«ድንጋዮች ናቸው ጌታዬ።»

«እሱንማ እናውቃለን። ሰዎቹን ነው የምጠይቅህ።»

«ሰው አላየሁም ጌታዬ። አሥራ አራት ዓመት ቆጥሬአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰው የሚባል ነገር አላየሁም። ድንጋዮቹ ግን በበረዶም በሐሩርም አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም።»

ሸንጎው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሲያንቀላፉ የቆዩ ሽማግሌ አባል ነቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ታዲያ ምን ያወዛግበናል?» አሉ። «ከነዚህ የተሻለ ነዋሪ ከየት እናመጣለን? ውሃ ጠፋ አይሉ። መንገድ ይሠራልን አይሉ። እኔ በበኩሌ ከተማው ሁሉ እንደነሱ ቢሆንልን ደስ ይለኛል።» የዚህን ያህል ረጅም ንግግር አድርገው ስለማያውቁ ሁሉም አጨበጨበላቸው።

ሊቀ ሸንጎው በመስኮት ብቅ አሉ። «ከአንድ እስከ መቶ ያሉ ድንጋዮች ነገ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ተቃዋሚ አለ?» ሕዝቡ የአነጋገር ወግ መሰለው። ድንጋዬ ገባ ማለት ገባሁ ማለት አይደል? ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ዝም ተባለ። ከጸደቀ በኋላማ ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው ትርንጎ ነበረች። በኋላ ይህ ትዝ ባላት ቁጥር ፊቷ ይቀላ ነበር።

በማግስቱ ድንጋዮቹ በቃሬዛ ሆነው፣ ጥላ ተይዞላቸው ወደ ኮረብታው ወጡ። ትርንጎ ፍራሽና የስፌት ዕቃዋን፣ ይበልጣል ድስትና መጥረቢያውን ይዘው አርባ አንደኛውን ተከተሉ። ድንጋዩ ገባ። እነሱ ሊገቡ ሲሉ ዘበኛው ዱላውን አጋደመ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤታችን» አለች ትርንጎ እየሳቀች።

«ዝቅ አድርጊው ድምፅሽን። ባለቤቱ አሁን ገና ነው የገቡት። አሥራ ሰባት ዓመት ቆመው የመጡ ሰው፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።»

«የትኛው ባለቤት?»

«አላየሻቸውም? ከፊትሽ እኮ ነው የገቡት።»

የትርንጎ ሳቅ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። በረድፉ ሁሉ በየበሩ ሰው ከነጓዙ ቆሟል፤ በየበሩ ዱላ ተጋድሟል። አንዱ «ኧረ እኔ እኮ ነኝ!» እያለ ይጮኻል፤ ሌላው በመስኮት አጮልቆ ድንጋዩን «አንተ ከሃዲ!» ይለዋል። ይበልጣል የገዛ እጁ የለሰነውን ግድግዳ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ጓዙን መልሶ ተሸከመ።

ትርንጎ ግን እንደ ባሏ አይደለችም። በቀጥታ ወደ ሸንጎው ሄደች። «የባለቤቶች ጉዳይ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ውስጥ ያው የስብሰባው ጸሐፊ ጠጉሩን በደንብ አበጥሮ ተቀምጧል።

«ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«አስቀምጠው የት ሄዱ?»

«ሥራ ነዋ!»

«ይኸው። እሳቸው ሥራ አልሄዱም።»

«ድንጋይ ምን ሥራ አለው?»

«እሱን እርስዎ ነዎት ያሉት፤ እኔ የሰው ስም አላነሳም። እንግዲህ ባለቤቱ በእንግድነት ከተቀበሉዎት መግባት ይችላሉ። ተቀብያታለሁ የሚል ፊርማቸውን ይዘው ይምጡ።»

«ድንጋይ እንዴት አድርጎ ይፈርማል?»

«የግል ጉዳያቸው ውስጥ አንገባም» አለ ጸሐፊው በትሕትና።

ትርንጎ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሊቀ ሸንጎው ራሳቸው መጥተው ድንጋዩን እስኪጠይቁልኝ ድረስ አልነሳም» አለች። «ምጥ ከመጣብኝም እዚሁ ነው የምወልደው።» ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። በከተማይቱ ሕግ፣ የግል ቤት ካልሆነ በቀር፣ ልጅ የተወለደበት ቤት ነዋሪ ነው። ሸንጎ ውስጥ የተወለደ ልጅ ደግሞ ከሸንጎ ሊባረር አይችልም። ሊቀ ሸንጎው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጠርተው መጡ።

ተያይዘው ወደ ኮረብታው ወጡ። ሊቀ ሸንጎው፣ ጸሐፊው፣ አቶ ዘርጋው ለምስክርነት፣ ትርንጎና ይበልጣል። ድንጋዩ ወለሉ መካከል ሸንጎው በሰጠው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሊቀ ሸንጎው ጫማቸውን አውልቀው ገቡና እጅ ነሱ።

«ክቡር አርባ አንደኛ ሆይ፣ ይህችን ሴት በእንግድነት ይቀበሏታል?»

ድንጋዩ ዝም አለ።

«ዝም አሉ» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲህ አልተቀበሉሽም» አሉ ሊቀ ሸንጎው፣ ጫማቸውን እየፈለጉ። «እኛ የምንችለውን አድርገናል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ትርንጎ። «እዚህ ስብሰባ ስላልሆነ መናገር ይቻላል መሰለኝ። አምና ከገበያው ዳር ከነስፌት መኪናዬ ስታስነሱኝ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ዝም አልኩ። ምን ተብሎ ተጻፈ?»

ጸሐፊው መዝገቡን ገለበጠ። «ተስማምታለች።»

«የኔ ዝምታ እሺ ከሆነ የእሳቸው ዝምታ በምን ሒሳብ እምቢ ይሆናል?»

ሊቀ ሸንጎው አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንደከተቱ ቆሙ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባቸው። ዝምታ እምቢ ከሆነ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያጸደቁት ሁሉ እምቢ ተብሏል ማለት ነው። ወፍጮው ክፍት ነው። መንገዱ ሙሉ ነው። የእሳቸው ሹመት ራሱ በዝምታ ነው የጸደቀው። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ተቀብለዋታል ብለህ ጻፍ» አሉ።

«ባሌንስ?» አለች ትርንጎ ወደ ድንጋዩ ዞራ።

ድንጋዩ ዝም አለ። ጸሐፊው ጻፈ።

«የሚወለደውንስ ልጅ?»

ድንጋዩ አሁንም ዝም አለ፤ ጸሐፊው አሁንም ጻፈ። አቶ ዘርጋው «በፊቴ ነው ዝም ያሉት» ብሎ ፈረመ።

ወሬው ለመዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በሳምንቱ ውስጥ ዘጠና ዘጠኙም ድንጋዮች ተጠይቀው ዝም አሉ፤ ዘጠና ዘጠኝ ቤተሰብ ገባ። ቀኗ ሲደርስ ትርንጎ በአርባ አንደኛው ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ይበልጣል ሕፃኗን አቅፎ በዝቅተኛው መስኮት ውጭውን ሲያሳያት ውሎ አደረ፤ ዓይኗን እንኳ ገና አልገለጠችም ነበር። ትርንጎ የመስኮቱ ነገር ያኔ ገባት። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ወጥ አወጣችለት።

ሸንጎው ግን እንቅልፍ አጣ። የድንጋይ ሰፈር ብሎ ያሰበው ኮረብታ የልብስ ማስጫ ገመድ ሞላው። ሰዎቹ ውሃ ጠየቁ። ቀጥለው መንገድ ጠየቁ። ያ ሽማግሌ አባል «እኔ የመረጥኳቸው ነዋሪዎች እነዚህ አይደሉም» ብለው ተበሳጩ። ስለዚህ አዲስ አዋጅ ተረቀቀ። ከእንግዲህ የሰው ዝምታ እሺ፣ የድንጋይ ዝምታ እምቢ ይሆናል፤ እንግዶች ሁሉ አዋጁ በጸደቀ በሦስተኛው ቀን ይወጣሉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ልጇን አዝላ እትዬ ማናህሎሽ ዘንድ ሮጠች። እትዬ ማናህሎሽ ክፍሏን ለአንድ የማይናገሩና የማያስነጥሱ ሽማግሌ አከራይተዋት ነበር። «እንዲህ ያለ ተከራይ አይቼ አላውቅም» አሏት በደስታ። «አንዳንዴ መኖራቸውንም እረሳዋለሁ።»

አዋጁ በሚጸድቅበት ቀን ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ማንም የሚናገር የለም፤ አምና ያመለከተ የለማ። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ ከፊት ቆማለች። ሊቀ ሸንጎው ብቅ አሉ።

«ተቃዋሚ አለ?»

ዝም።

«ተቃዋሚ አለ?»

ዝም። ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች።

«ለሦስተኛ ጊዜ፣ ተቃዋሚ አለ?»

የትርንጎ ልጅ ራባት። እንዴት ያለ ድምፅ እንዳላት ያኔ ነው የታወቀው። መስኮቱ ላይ የነበሩ እርግቦች ሁሉ ተነስተው በረሩ። የጸሐፊው ብዕር አየር ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ሊቀ ሸንጎው።

«ድምፅ ነው ጌታዬ» አለ ጸሐፊው።

«ሳታመለክት ትናገራለች እንዴ?»

«አልተናገረችም ጌታዬ፤ አለቀሰች። ሕጉ ንግግር ነው የሚከለክለው። ስለ ለቅሶ የተጻፈ የለም።»

አቶ ዘርጋው ተጠራ። «በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ» አለ። «ተደስታ አይደለም።» እንግዲህ አንድ ተቃውሞ ተመዘገበ፤ ተቃውሞ ያለበት አዋጅ ደግሞ ለማግስቱ ይተላለፋል። ሸንጎው በታሪኩ አዋጅ ለሌላ ቀን አስተላልፎ ስለማያውቅ መዝገቡ ላይ የት እንደሚጻፍ ለማግኘት ራሱን የቻለ ስብሰባ አስፈለገ።

ሊቀ ሸንጎው ግን የሰባት ልጆች አባት ናቸው። በማግስቱ ስብሰባውን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አደረጉት፤ ሕፃን ጠብቶ ጠግቦ የሚተኛበት ሰዓት። እንዳሉትም ሆነ። የትርንጎ ልጅ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ትርንጎ እግሯን ነካካቻት። ጆሮዋ ሥር ጠራቻት። ልጅቱ ፈገግ አለችና ወደ ሌላው ጎኗ ዞረች።

«ተቃዋሚ አለ?» አሉ ከላይ፣ በሹክሹክታ።

ዝም።

«ተቃዋሚ አለ?»

ትርንጎ ዙሪያዋን አየች። ከጎኗ የቆመው ይበልጣል ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። ክንዱን በጥፍሯ ያዘችው።

«አልቅስ!»

«እኔ?»

«አንተ እንጂ ማን! ሦስተኛውን ሊሉ ነው፣ አልቅስ እባክህ!»

ይበልጣል አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ «እህ… እህ…» አለ፤ ነገሩ ከለቅሶ ይልቅ ዳቦ ያነቀው ሰው ይመስል ነበር። ከኋላ የቆሙት ሳቃቸውን ለመያዝ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ትርንጎ እንደገና ቆነጠጠችው። «እህ… ህህህ…» አለ። ሊቀ ሸንጎው ሦስተኛውን ጥያቄ ግማሽ ላይ አቋርጠው ወደ ታች አዩ።

«ይሄኛውስ ምን ሆነ?»

«ተቃዋሚ ነው ጌታዬ» አለ ጸሐፊው። «ሕጉ ተቃዋሚ እስኪጨርስ ይሰማል ይላል።»

«ይጨርሳ!»

ይበልጣል ግን ሊጨርስ አልቻለም። አራተኛው ወይ አምስተኛው «እህ» ላይ ድምፁ ተለወጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላ ያሉት መሳቃቸውን አቆሙ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠርብ አንድ ቀን «ደከመኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው፣ መሐል ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ጀመር። ሸንጎው ጠበቀ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ጠበቀ። ሽማግሌው አባል መብላት ይቻላል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሕጉ አይፈቅድም። ከሰዓት በኋላ ላይ ሊቀ ሸንጎው ሆዳቸውን ይዘው ጮኹ።

«አዋጁን ተውት! ቤቱም የእነሱ ነው ብለህ ጻፍና ዝም አሰኝልኝ!»

«ዘጠና ዘጠኙስ ጌታዬ?»

ሊቀ ሸንጎው ወደ ግቢው አዩ። በዚያም በዚህም አንዳንድ ሰው ዓይኑን መጠራረግ ጀምሯል።

«ጻፍላቸው! ሁሉም ሳይጀምሩ ጻፍላቸው!»

ወረቀቱ ማኅተም ተመቶበት ወረደ። ግቢው ሌላ እልልታ ሰማ፤ ይኸኛው የምር ነው። ትርንጎ ወረቀቱን ይዛ ባሏ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ይበልጣል፣ አለቀ እኮ። እየው፣ ስማችን ነው። ሰጥተውናል።»

ወረቀቱን አየው። በጭንቅላቱ እሺ አላት። ለቅሶው ግን አልቆመም።

«መጀመሪያ እኮ አስመስዬ ነበር» አላት፣ ቃል ከቃል እየተቆራረጠበት።

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ። ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ልጅቱ ነቅታ አየችው እንጂ አላለቀሰችም።

ሰዉ ቀስ በቀስ ወደየቤቱ ሄደ፤ ወደየቤቱ ሲባል ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነው። አቶ ዘርጋው ግን ተቃዋሚው ለቅሶውን የጨረሰበትን ሰዓት መመዝገብ ስላለበት፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከነሱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ የሚጽፈው አላገኘም።